ቅሬው ያልቀበረኝ ሟች

መሞቴን የሰማሁት ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ ከሻይ ረፍት በፊት።

ከእኔ በፊት ግማሽ ወሎ ሰምቶ ኖሯል። ይሁን፣ ሟች መቼም የራሱን ወሬ የሚሰማው ዘግይቶ ነው። እኔን ከሌሎች ሟቾች የሚለየኝ፣ መርዶዬን እግሬን አነባብሬ፣ የታሸገ ውኃ እየጠጣሁ ማንበቤ ብቻ ነው።

ማን እንደሆንኩ ልናገር። ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ድስትና ፍራሽ እሸጣለሁ። ሆዴ ሱቅ የሚገባው ከእኔ ቀድሞ ነው። ለእናቴ አንድ ልጅ ነኝ፤ «አንተን ካየሁ በኋላ መድገም ፈራሁ» ትላለች። የደሴ ብርድ የሱቄን ቁልፍ ጉንፋን አስይዞታል ብዬ አውርቼ ያመነኝ ሰው አለ፤ እስከ ዛሬ ቁልፉ ተሻለው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ከዚህ ሌላ የቅሬያችን ዕቃ ያዥ ነኝ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን፤ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ሐዘንተኛውን አብልቶ የሚያስተኛ የሰፈር ማኅበር ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ በሬ ከነቀንዱ የሚያስተኙት ድስቶች በእኔ እጅ ናቸው። ቅሬ ሲጠራ ያልመጣ፣ ቅሬ ሲፈርድበት እምቢ ያለ ሰው ይወገዛል። የተወገዘን ሰው ቤት ማንም አይረግጥም፤ ሞት የገባበት ቀንም ጀናዛውን ከነቃሬዛው ብቻውን ይሸከም። እንዲህ ያለውን ቅጣት የሞከረ ሰው አላየሁም። ሁሉም ከዚያ በፊት ይታረቃል።

አንድ ቀን የቅሬያችን ዳኛ አስጠሩኝ። ዳኛው ሳቅ የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥርስ እንዳላቸው የምናረጋግጠው በምግብ ሰዓት ብቻ ነው።

«ኮምቦልቻ ስብሰባ አለ አሉ» አሉኝ። «ከየማኅበሩ አንድ አንድ ሰው ይምጣ ብለዋል። አንተ ሂድ፣ አፍ አለህ።»

«ባሳፍርዎትስ?»

«እሱን ለምደነዋል።»

የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወረድኩ። ደሴ የለበስኩትን ሹራብ ኮምቦልቻ ስደርስ ብጨምቀው የሰው ገላ የሚያሳጥብ ውኃ ይወጣው ነበር። ስብሰባው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ጋባዡ በአካባቢያችን የሚሠራ አንድ የእርዳታ ድርጅት ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የሰፈሬ ልጅ። ከእኛ ቤት ጥቂት በሮች ወረድ ብሎ ነው ያደገው። እናቱ አሁንም እዚያው ናት፣ የቅሬያችን አባል። እሱ በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ እኛ ማጀት ነበር የሚሮጠው። የእናቴን ወጥ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። አሁን ኮምቦልቻ ገብቶ ሸበተ፣ መኪናው ላይ ባንዲራ ሰቀለ፣ ሲናገር «ከማኅበረሰቡ ጋር» ይላል፤ ማኅበረሰቡ እኔ ነኝ መሰለኝ።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ካልሲው ሳይቀር የተተኮሰ ሰው ነው። በታዳጊ አገር የሲቪል ማኅበረሰብ ዘርፍ ምን ማለት እንደሆነና ተጠያቂነቱ እንዴት እንደሚታይ ሊያስተምረን ነው።

«መንግሥታዊ ያልሆነ» አለ። እሺ፣ እኔም መንግሥታዊ አይደለሁም።

«ለትርፍ ያልተቋቋመ» አለ። ብድግ ልል ነበር። የእኔ ሱቅ እኮ ነው! ባለቤቴ ዘመኗን ሙሉ ስትነግረኝ የኖረችውን ይህ ሰው በአንድ ጠዋት ደረሰበት።

«የፖለቲካ ወገንተኝነት የሌለው» አለ።

እጄን አወጣሁ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ እስካሁን ያልሆነውን ነው የነገሩን። የሆነውን መቼ ይነግሩናል? እኔ ድስት ነጋዴ ነኝ። ደንበኛዬን ‹ይህ ዕቃ ወንበር ያልሆነ፣ ጫማ ያልሆነ፣ በግ ያልሆነ ነው› ብለው ማን ይገዛኛል?»

አዳራሹ ሳቀ። አሠልጣኙ «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለና ወደሚቀጥለው ገጽ ሄደ።

«ቅሬስ የት ይገባል?» አልኩት።

«ቅሬ ኢመደበኛ አደረጃጀት ነው።»

ኢመደበኛ! ዳኛ ያለው፣ ሕግ ያለው፣ የደሴን ሰው ከነቅድመ አያቱ ሲቀብር የኖረ ማኅበር ኢመደበኛ፤ ትናንት የተከፈተው፣ ማኅተሙ ገና ቀለም የሚተፋው መደበኛ። ዋጥኩት። ቀጥሎ የተጠያቂነት ሥዕል መጣ። ከላይ ለጋሹ፣ መሃል ድርጅቱ፣ ከታች ተረጂው፤ ቀስቶቹ ሁሉ ሽቅብ ይወጣሉ። ፍየል የለቀቁበት አቀበት ይመስላል።

«ወደ ታች የሚወርድ ቀስት የለም?» ብዬ ጠየቅሁ።

ይሄኔ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መለሰ። «አለ እንጂ። በራችን ላይ የአስተያየት ሳጥን ሰቅለናል።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ።»

ሳቁ በረታ፤ እሱም ሳቀ። እኔ ከአየር ማቀዝቀዣው ነፋስ ልሸሽ ፊቴን ወደ ጎን ሳዞር ባነሩን ያየሁት ያኔ ነው።

ከጦሳ ተራራ ያንሳል ብዬ አልከራከርም። እናቴ ናት። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጭስ የጠገበ ቀሚስ ለብሳ፣ ጭኗ ላይ ሰሃን ይዛ፣ ከሰሃኑ ልትጎርስ ስትል። ከሥሯ ይህ ተጽፏል፦ «ከረሃብ ወደ ተስፋ። አንድ ልጇን በሞት ያጣችው፣ ጧሪ የሌላት ይህች እናት በእኛ ድጋፍ ዳግም ሰው ሆናለች።» ዝቅ ብሎ ደግሞ የሰጧት ስም አለ፤ አልጽፈውም። ከስሙ አጠገብ በጉንዳን ፊደል፦ «ለደህንነቷ ሲባል ስሟ ተቀይሯል።»

አንድ ልጇ እኔ ነኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት ከኩታበር የመጡ፣ የመስኖ ማኅበር ወክለው የተላኩ ገበሬ ናቸው። እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው አነበቡና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂኡን። ምስኪን! ልጇ ምን አግኝቶት ይሆን?»

«ሥልጠና ላይ ነው የሞተው» አልኳቸው።

«ታውቀው ኖሯል?»

«በጣም። ሸጋ ሰው ነበር።»

«አላህ ጀነት ይወፍቀው።»

«አሚን» አልኩ። ምን ልበል?

ፎቶው የት እንደተነሳ ወዲያው አወቅሁ። ተፈናቃዩ ከራያና ከወልድያ በኩል እየጎረፈ ደሴን ያጥለቀለቀ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቱ በሰው ሞልቶ ልጆች ጥቁር ሰሌዳ ሥር ይተኙ ነበር። እነዚያ መደበኛዎቹ «የፍላጎት ዳሰሳ» እያሉ ወረቀት ይዘው ሲዞሩ፣ ኢመደበኛው ቅሬ የቀብር ድስቶቹን አውጥቶ ለሕያዋን ጣደ። የምስር ወጡ፣ ሩዙ፣ ዳቦው ከየቤታችን ነው የወጣው፤ ከሁሉም በላይ ከእናቴ ቤት። አባቴ ሲሞት ሱቁን ተረክባ፣ ከወንዱ ጋር በገበያ ተናንቃ፣ እኔን ሆድ እስካወጣ ያደረሰችኝ እሷ ናት። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት በራችን ተዘግቶ አያውቅም፤ እንዲያውም ልጅ ሆኜ በር የሚባለው ነገር መዝጊያ እንዳለው አላውቅም ነበር። ዘካዋን አንድም ዓመት አስተጓጉላ አታውቅም።

ያን ቀን እናቴ ስታበስል ውላ ለሁሉም ካደለች በኋላ፣ የራሷን ሰሃን ይዛ ወርዳ ከተፈናቃዮቹ መካከል መሬት ላይ ተቀመጠች። በእኛ ቤት ወግ ይህ ነው። እንግዳ መሬት ላይ ከሆነ አስተናጋጁ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ እንግዳ ሲበላ ቆሞ የሚያይ ሰው ጉርሻ ቆጣሪ ነው ይባላል። አብረኸው ካልበላህ አላበላኸውም። ታዲያ እሷ ያችን የመጀመሪያ ጉርሻ ወደ አፏ ስታነሳ ሥራ አስኪያጁ ሁለት ካርቶን ብስኩትና አንድ ፎቶ አንሺ ይዞ ደረሰ። ፎቶ አንሺው ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፤ መሬት የተቀመጠ ሁሉ ቢርበው ነው ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። ሥራ አስኪያጁ ግን! እዚያው ወግ ውስጥ፣ እዚያችው ሰሃን ላይ ያደገው!

ሥራ አስኪያጁን ሻይ ላይ ያዝኩት። «ሰላም ነህ ወይ?» አልኩት። «ሟቹ ነኝ።»

ወደ ባነሩ ሳመለክተው ፊቱ ቀላ፣ ቶሎ ግን ተመለሰለት። «ስማኝ ወንድሜ» አለ፣ «ይሄ የእናታችን ታሪክ አይደለም፤ የብዙ እናቶች ነው። ፎቶው ወካይ ነው።»

«እኔስ? የብዙ ልጆች ሬሳ ነኝ?»

«አንተ ደግሞ መቼም ቀልድህ አያልቅ!» ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ሳምቡሳውን ይዞ ሄደ።

ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ቆሜ በሙሉ ድምፄ ተናገርኩ። እናቴ ናት፣ አልተራበችም፣ እኔም አልሞትኩም አልኩ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። የኩታበሩ ገበሬ ብቻ አልሳቁም፤ አፍጥጠው ያዩኛል፤ ከሬሳ ጋር መዋላቸውን ሳይረዱ አልቀሩም። ዕድሜህን ሙሉ ስትቀልድ ከኖርክ እውነት የምትጮኽበት ቀን የሚያገኝህ ይህ ነው። በዚያ ሳቅ መካከል ሆኜ ይህን ነገር እንደማልተው በሆዴ ማልኩ፤ ሆዴ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ብዙ መሐላ ይይዛል።

እናቴን ልደብቃት አስቤ ነበር። ለካ ድርጅቱ ባነሩ አልበቃውም፤ ያንኑ ፎቶ ካሌንደር አድርጎ በየሱቁ አድሏል።

አንድ ጠዋት ከሐርቡ የመጣ የእህል ነጋዴ ማሽላ በባጃጅ አስጭኖ በራችን ላይ አወረደ። ካሌንደሩን ኮምቦልቻ አንድ ሱቅ ውስጥ አይቶ አዝኖ፣ ሰው ጠያይቆ ነው ያገኘን። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን አውልቆ ገባ። «እናቴ» አላት፣ «ዘካዬ ነው። ልጅዎን አላህ ይማርልዎ።»

እኔ በዚያ ሰዓት ማዶ ተቀምጬ ዳቦ እየበላሁ ነበር።

እናቴ መጀመሪያ የቤት ስህተት መሰላት። «ዘካው ለእኔ አይሆንም ልጄ» አለችው በቀስታ፣ «እኔም የማወጣ ነኝ።» ሰውየው ግራ ገባው። ከኪሱ አጣጥፎ የያዘውን የካሌንደር ገጽ አወጣና አሳያት፤ አድራሻ ላለመሳት ይዞት የመጣ ነው። አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሰውየው እንዳይሸማቀቅ ሻይ አጠጣችው፣ መረቀችው፣ ማሽላውን «የሚገባት ጎረቤት አለች» ብላ ከባጃጁ ጋር ወደዚያ ሰደደችው። በሩን ዘጋችው። መዝጊያ እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ገበያ መውጣት ተወች። ሐሙስ ሐሙስ ከሴቶቹ ጋር ዱዓ የምትቀመጥበት ቦታዋ ባዶ ሆነ። ምን ልታዘዝ፣ ምን ላድርግልሽ ስላት አንዴ ብቻ መለሰችልኝ።

«ሰው ሲያየኝ ምን እንደሚያይ አላውቅም» አለች። «ስሜን ይመልስልኝ። የወሰደው ራሱ ያምጣው። በሰው ፊት ወስዶታል፤ በሰው ፊት ይመልሰው።»

ከዚያ በኋላ የበቀል ሐሳብ እንቅልፌን ወሰደው። የአስተያየት ሳጥኑን በንብ ልሙላው? የሆቴሉን አዳራሽ ከነአሠልጣኙ ልከርቸመው? ፍየል ገዝቼ ቢሮው ልልቀቅና «ወካይ ፍየል ናት» ልበለው? የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ሄጃለሁ፤ አንዱ ለሌላው፣ ሌላው ለወዲያኛው ሲመራኝ፣ ጫማዬ አልቆ በካልሲ ቀረሁ። ድርጅቱ የሚጠየቀው ለለጋሹ ነው፤ ለጋሹ ባሕር ማዶ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለው ሰው ደግሞ እናቴ ስትስቅ ቢያይ ገንዘቡ የባከነ ይመስለዋል። ቀስቱ ሁሉ ሽቅብ ነው አላልኩም?

መላው የመጣልኝ ድስት ሳጥብ ነው። የቅሬያችንን አንድ ደንብ አስታወስኩ። ዱሮ አንድ ችኩል ሰው፣ ጎረቤቱ ሌሊቱን ጫት ሲቅም አድሮ ጠዋት ደርቆ ቢተኛበት፣ ሞተ ብሎ ቅሬውን አስጠራ። ድንኳን ተተከለ፣ መቃብሩ ተጀመረ። ሟቹ በጫጫታው ነቅቶ «ማን ሞቶ ነው?» አለና አብሮ ሊቆፍር አካፋ አነሳ። ያን ቀን ቅሬው ደንብ አወጣ፦ ሕያውን ሞተ ብሎ ያረዳ ሰው፣ የዚያን ሰው ሐዘን ራሱ ይቀመጥ፤ የለቅሶውን ሰደቃም ራሱ አርዶ ያብላ።

ጁምዓ ሰግደን እንደወጣን ቅሬው መስጊዱ አጥር ሥር ተሰብስቦ ነበር። ተነስቼ ቆምኩ።

«ዳኛ፣ የማመለክተው አለኝ። ሞቻለሁ።»

ሰው መሳቅ ጀመረ። ዳኛው አልሳቁም። «መቼ?»

«እሱን አላውቅም። ኮምቦልቻ ነው የሰማሁት።»

«ሞትህን ማን አረዳ?»

ካሌንደሩን ዘረጋሁ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ አነበበው። ማንበቡ ሲያልቅ የሚስቅ አልነበረም። ከእናቴ እጅ ያልበላ ሰው በዚያ አጥር ሥር የለም፤ አጥሩም ራሱ ሳይበላ አልቀረም። አንዱ «ይቺ እኮ…» ብሎ አቆመው። ሌላው መሬቱን በዱላው ወጋ።

ዳኛው «እኛ ቀብረንሃል?» አሉኝ።

«አልቀበራችሁኝም።»

«እንግዲያስ አልሞትክም። ያልሞተን ያረዳ ቅጣቱ የታወቀ ነው። ይጠራ።»

ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ አልመጣም። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛውን ላከ፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ይቅርታ የሚል ንግግር ሸምድዳ መጣች። ዳኛው ሰምተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ቅሬ ላይ በውክልና አይለቀስም» ብለው ሸኟት። ደግሞ ተጠራ፤ መስክ ነኝ አለ። ሦስተኛውን ጥሪ ቅሬው ለእሱ አልላከም። ለእናቱ ነገራት። ከእንግዲህ ካልመጣ ልጅሽ ይወገዛል፤ በቤትሽ ሞት ቢገባ ጀናዛ የሚያነሳ የለም፤ እሱው ያንሳ።

ያቺ ሴትዮ ዕድሜ አጉብጧት ከበር በር የምትሄደው ግድግዳ ይዛ ነው። በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ሐረጎን ወረደች። ቢሮው በር ላይ ቆማ፣ እንግዶች ባሉበት፣ የተናገረችውን የጥበቃው ሰው ለደሴ ሁሉ አዳርሶታል፦ «ስሞት ማን ያነሳኛል? በል ንገረኝ። ፎቶ አንሺህ ነው የሚያነሳኝ?»

ሐረጎን አብሯት ወጣ። ለጋሽ ያልጠየቀውን፣ መሥሪያ ቤት ያልጠየቀውን አንዲት የጎበጠች ሴት በሚኒባስ ጭና አመጣችው።

ሐዘኔ የተቀመጠበት ዕለት ከሠርጌ የበለጠ ነበር። ድንኳኑን ራሴ ተከልኩ፤ ለገዛ ሬሳዬ ካስማ ስመታ የተሰማኝን ደስታ ልገልጸው አልችልም። በሬውን ሥራ አስኪያጁ ከገዛ ኪሱ አመጣ፤ ከፕሮጀክት ከሆነ ቅሬው እንደማይቀምስ አስቀድሞ ተነግሮታል። ባነሮቹንና የቀሩትን ካሌንደሮች ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ፣ ሰኞ ገበያን ለሁለት ሰንጥቆ ነው የገባው። ገበያተኛው መንገድ እየለቀቀ ያየው ነበር። እኔ ከኋላው እየተከተልኩ «በጀርባው ነው የተሸከመኝ፤ ቀስ በሉ፣ ሬሳ ነው» እላለሁ።

ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ቦታ፣ መሬት ላይ፣ አስቀመጥነው። ቅሬው በተራ እየገባ «አላህ ያጽናህ፣ ሰብር ይስጥህ» ይለዋል፤ አንድም ሰው ጥርሱን አላሳየም። እኔም ተራዬ ደርሶ ገባሁ። አንገቱን አቀፍኩት፣ «ወንድሜን! ያ ሸጋ ልጅ! ሆዱ ብቻ እንኳ ለብቻው መቃብር ይፈልጋል!» ብዬ አነባሁ። በጆሮው «ወካይ ለቅሶ ነው» አልኩት። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። አልራራሁለትም።

ሁሉም ሲቀመጥ ዳኛው ጠየቁት። «ሟቹ ምን ሆኖ ሞተ?»

የተጠቀለሉትን ባነሮች ከእግሩ ሥር ወደ ኋላ ገፋ።

«ያረዳ ሰው ይነግራል። ምን ሆኖ ሞተ?»

«ታሪክ ጠይቀውን ነው» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ወጥቶ አልወጣም። «ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች ልብ የሚነካ ፈለጉ። ሁሉ ያላትን ሴት ማን ያዝንላታል? ልጇ አጠገቧ ካለ ደግሞ… ስለዚህ ልጁን…»

«ገደልከው።»

«አዎ።»

«ፎቶው ላይ ያሉት ማን እንደሆኑ አታውቅም ነበር?»

እዚህ ላይ ዋሽቶ ማምለጥ ይችል ነበር። ፎቶ አንሺው ነው፣ ጸሐፊው ነው ሊል ይችላል። እናቱ ከሴቶቹ መካከል ሆና ታየዋለች። «አውቃለሁ» አለ። «ያን ምግብ ያበሰሉት እሳቸው ናቸው። እኔንም ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።» ከዚያ ማንም ሳያዘው የእናቴን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጠራ። ተረጂ እንዳልሆነች፣ ሰጪ እንደነበረች፣ እሱም ከሰሃኗ እንደበላ ተናገረ።

ምግብ ቀረበ። የእሱ ሰሃን መሬት ላይ፣ እፊቱ ተቀመጠ። እኔ ስልኬን አወጣሁ። ይህን ደቂቃ ስጠብቅ ነው የከረምኩት፦ መሬት ተቀምጦ፣ ሰሃን ጭኑ ላይ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ልክ እንደሷ። አሳትመዋለሁ። ከጦሳ የሚበልጥ ባነር አሠራዋለሁ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ እሰቅለዋለሁ።

የድንኳኑ መጋረጃ ተገለጠና እናቴ ገባች። በር ከዘጋች ወዲህ ከቤት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። የዒድ ነጠላዋን ነው የለበሰችው። ሰው ሁሉ ተነሳ። እኔ በጥፊ ታጮለዋለች ብዬ ስልኬን አስተካከልኩ።

እናቴ ወንበር ቢያቀርቡላት በእጇ ገፋችው። ሄዳ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰሃን ተቀበለች፣ ጭኗ ላይ አደረገች።

«እማ!» አልኳት። «ፎቶዬን አበላሸሽብኝ! ዘወር በይ!»

«ዝም በል አንተ። የሞተ ሰው አይናገርም።» ወደ እሱ ዞረች። «ብላ እንጂ።»

«እማማ፣ እኔ…»

«ብላ። የኔ ሸጋ፣ በሬው ያንተ ነው አይደል? ድስቱ የቅሬው ነው። አብሬህ መሬት ላይ ተቀምጬ እየበላሁ ነው። እስኪ አሁን አንዱ ፎቶ ቢያነሳን፣ ተረጂው ማንኛችን ነን?»

እሷ ጠቅልላ አጎረሰችው። አፉ ሞልቶ መዋጥ አቃተው፤ አላምጦ አላምጦ እንባው ወረደ። «ዋጠው» አለችው፤ ደግሞም ጠቀለለች። ቅጣት ብለን በሬና ድንኳን ይዘን ስንደክም የዋልነው እኛ ነን፤ እሷ በጉርሻ ጨረሰችው። ሁለተኛውን ስትሰጠው በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው።

ለእሷ ነገሩ እዚያው አለቀ። በማግሥቱ ገበያ ወጣች፣ ሐሙስ ዱዓ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፣ በሩም ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ አሁን ሲያገኛት ጉልበቷን ይስማል፤ እሷም ትመርቀዋለች። እኔ አልጨረስኩም። ሰው ስለ አንድ እናቱ ቂም ካልያዘ ስለ ማን ይይዛል?

ፎቶውን አሳተምኩት። ከፎቶው እናቴን ቆርጬ ላወጣት ነበር ሐሳቤ፤ ፊቷ ከእንግዲህ በማንም ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ፊቷን አወጣሁት፣ ትከሻዋን አወጣሁት። እጇ ግን አልወጣ አለኝ። ጉርሻው አፉ ውስጥ ነው፤ እጇን ብቆርጥ አፉም አብሮ ሊሄድ ሆነ። ተውኩት። አሁን በቅሬው ዕቃ ቤት፣ ከትልልቆቹ ድስቶች በላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ በገዛ እጄ ጽፌበታለሁ፦ «ለደህንነቱ ሲባል ስሙ ተቀይሯል።»

ድስት ሊዋስ የሚመጣ ሁሉ ቀና ብሎ ያያል። «ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» ይለኛል።

«ተረጂ ነው» እለዋለሁ።

«እጁስ የማን ነው?»

ያኔ ድስቱን መሬት አስቀምጬ፣ የእናቴን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ቀስ አድርጌ እነግረዋለሁ።